ስም የሌለው ጭነት፦ ከሐርላ ዳገት እስከ ቦርዶ ወደብ

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ወደ ሐረር በሚያቀናው አቅጣጫ፣ ሐርላ የምትባል የገጠር መንደር አለች። በዚያ አካባቢ ቀንም ሌሊትም የሚጣደፈው ጭነት ጫት ነው። የአይሱዙው ሾፌር የሚሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ነው። ጫት ከተቀነጠሰበት ሰዓት ጀምሮ ዋጋው ቁልቁል ይወርዳል፤ በሁለተኛው ቀን ማለዳ ገዢ ካላገኘ በሦስተኛው ቀን የፍየል መኖ ነው። ዛሬ ያልተሸጠ ዙርባ ነገ ዕዳ ይሆናል። ይህን የድሬዳዋ ነጋዴም ደላላም ከማንም በላይ ያውቃል።

ያ መኪና ሽው ብሎ በሚያልፍበት አገር፣ ከመሬቱ ሥር፣ የሌላ ዘመን ገበያ ተኝቷል። የእንግሊዙ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመሆን ሐርላ ላይ ባካሄዱት ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመቃብር ሥፍራዎች፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቤት፣ የመስታወት ዕቃ ስብርባሪ፣ ዶቃ፣ ዛጎል፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ሸክላ፣ በግብፅ የተመታ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲም ተገኝቷል። የአካባቢው ሰው የግንቡን ድንጋይ ትልቅነት እያየ «የግዙፎች ከተማ ነበረች» ይል ነበር። ግዙፎቹ ነጋዴዎች ነበሩ። ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር ተሳስረው ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ፣ ዕቃ አምጥተውና ሠርተው የሸጡ የእጅ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ግን ከተማዋ ተለቀቀች።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ገበያ እንዴት ተነስቶ እንዴት ይጠፋል? የአንዱ አገር ሸቀጥ በስሙ ተጠርቶ ሲሸጥ የሌላው ለምን በኩንታል ብቻ ይሸጣል? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ ያለው አንድ የሩቅ ታሪክ አለ፤ የአውሮፓ የወይን ጠጅ ታሪክ። ከድሬዳዋ ነጋዴ ብዙው በእምነቱ ወይን ጠጅ እንደማይነካ የታወቀ ነው። ነገሩ ግን የመጠጥ ጉዳይ አይደለም። በቀናት ውስጥ ይበላሽ የነበረ የገበሬ ምርት እንዴት ለልጅ ልጅ የሚወረስ ሀብት እንደሆነ የሚነገር የንግድ ታሪክ ነው።

ወይን ጠጅም አንድ ጊዜ እንደ ጫት ነበር

ወይን ጠጅን አውሮፓውያን አልፈለሰፉትም። እስከ ዛሬ ከተገኙት ማስረጃዎች ቀደም ያለው ከጆርጂያ የወጣው፣ ወደ 8 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የሸክላ ጋን ነው። ወደ ምዕራብ የወሰዱት ነጋዴዎች ናቸው። ግሪኮች እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ ዛሬ ማርሴይ የምትባለውን ወደብ ሲቆረቁሩ ወይኑንም ይዘው ገቡ። ሮማውያን ደግሞ 26 ሊትር ገደማ በሚይዝ ባለ ሁለት እጀታ እንስራ እየሞሉ እስከ ሰሜኑ ጫፍ አደረሱት። ዲዮዶሮስ የተባለው የጥንት ጸሐፊ እንደመዘገበው ከሆነ የጎል ሰዎች ለአንድ እንስራ ወይን ጠጅ አንድ ባሪያ እስከ መስጠት ደርሰው ነበር። አትራፊ ንግድ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ትርፉ ሲበዛ ሁሉም ተከለ። ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን እ.ኤ.አ. በ92 ገደማ በግዛቶቹ ካለው የወይን ተክል ግማሹ እንዲነቀል አዋጅ አወጣ። አዋጁ በሚገባ አልተፈጸመም። ገበሬ በመንግሥት ወረቀት የሚተርፈውን አይነቅልም፤ ይህ ያኔም ዛሬም ያው ነው።

በመካከለኛው ዘመን የነበረው ገበያ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1152 የአኪቴይን ወራሽ ኤሊኖር ሄንሪ ፕላንታጄኔትን አገባች፤ እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። በዚህ ጋብቻ የቦርዶ ወደብና የለንደን ገበያ በአንድ ዘውድ ሥር ገቡ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጥሩ በነበረው ዓመት ከቦርዶ አካባቢ ከ100 ሺህ በርሜል በላይ ተጭኖ ወጥቷል፤ አንዱ በርሜል 900 ሊትር ያህል ይይዝ ነበር። ዛሬ የመርከብ አቅም የሚለካበት ቶን የሚለው ቃል ራሱ የተወለደው ከዚያ በርሜል ስም ነው።

ይሁንና ያ ሁሉ ወይን ጠጅ የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ ነበረው። በእንጨት በርሜል የተቀመጠው አየር እየገባበት ወደ አቼቶ ይለወጥ ነበር። የመርከቦቹ ጓድ በመኸር ማግስት መጥቶ አዲሱን ጭኖ ይሮጣል። ለንደን ላይ ውዱ አዲሱ ነው፤ አሮጌው አዲሱ ወደብ በደረሰ ዕለት ዋጋው ይወድቃል። ዛሬ «ያረጀ ወይን» ሲባል ውድ ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ያኔ ግን «ያረጀ» ማለት የማይሸጥ ማለት ነበር። ነጋዴው እንደ ጫት ነጋዴ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደም ነበር።

ዋጋውን የቀየሩት ጠርሙስና ቡሽ ናቸው

ታሪኩን የለወጠው ከወይኑ ማሳ ውጪ የመጣ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1615 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ መርከብ መሥሪያ እንጨት እንዳያልቅበት ሰግቶ የመስታወት ሠሪዎች ምድጃቸውን በእንጨት እንዳያነዱ ከለከለ። ሠሪዎቹም ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። የከሰሉ እሳት የበረታ ስለነበር ወፍራም፣ ጥቁር፣ በቀላሉ የማይሰበር ጠርሙስ ወጣ። ከፖርቱጋል የመጣው ቡሽ ተጨመረበት። የሆላንድ ነጋዴዎች በበርሜል ውስጥ ድኝ እያጨሱ ወይኑ እንዳይበላሽ የማድረጉን ዘዴ አስፋፉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጠርሙሱ ቀጥ ያለ ቅርጽ ይዞ በጎኑ መጋደም ቻለ፤ ቡሹ እንደረጠበ ስለሚቆይ አየር አይገባም። ከዚያ ወዲያ ወይን ጠጅ መጠበቅ ቻለ።

መጠበቅ የቻለ ሸቀጥ ሌላ ሸቀጥ ነው። ባለቤቱ ዋጋ ሲወርድ መጋዘኑን ይዘጋል፤ ሲወጣ ይከፍታል። ባንክ ያበድርበታል። ክሪስቲስ የተባለው የለንደን የጨረታ ቤት እ.ኤ.አ. በ1766 የመጀመሪያውን ጨረታ ሲያካሂድ ከዕቃዎቹ መካከል ወይን ጠጅ ነበረበት። በመቶ ዓመት ግድም ጊዜ ውስጥ የነጋዴው ጠላት የነበረው ጊዜ ተቀጣሪው ሆነ። የወይኑ ፍሬ ያው ፍሬ ነው፣ አፈሩም ያው አፈር ነው። የተለወጠው ዕቃ መያዣውና መጋዘኑ ነው።

ምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ የዚህን ተቃራኒ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2014 ጫትን ሲከለክሉ፣ በአንድ ሕግ የአውሮፓ በር ተዘጋ። ቡና ቢሆን መጋዘን ገብቶ ሌላ ገዢ ይፈለግለት ነበር። ቅጠሉ ግን ሌላ ገዢ እስኪገኝ አይጠብቅም። የማይጠብቅ ሸቀጥ የያዘ ነጋዴ ዋጋ ጠያቂ እንጂ ዋጋ ነጋሪ ሊሆን አይችልም።

በር ጠባቂው ማነው?

የአውሮፓው ታሪክ ሁሉ መልካም አይደለም። የቦርዶ ከተማ ነጋዴዎች ከዘውዱ ባገኙት መብት ከወንዙ ላይኛው ክፍል፣ ከውስጥ አገር የሚመጣ ወይን ጠጅ የራሳቸው እስኪሸጥ ድረስ ወደ ወደቡ እንዳይገባ አገዱ። የውስጥ አገሩ ገበሬ ኅዳር ላይ፣ በኋላም እስከ ገና ድረስ በር ላይ ይቆም ነበር። የመርከቦቹ ጓድ በዚያን ጊዜ ሄዷል። ወይኑ የተሻለ ቢሆንም ገዢ አያገኝም። ይህ አድልዎ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ የገንዘብ ሚኒስትሩ ቱርጎ እ.ኤ.አ. በ1776 በአዋጅ ሲሽረው ነው ያበቃው። የውስጥ አገሩ አንዳንድ ወይኖች ግን እስከ ዛሬ የቦርዶን ያህል ስም አላገኙም። ገበያ ያጣ ሰው ያመለጠው የዚያ ዓመት ትርፍ ብቻ አልነበረም፤ ስሙንም ጭምር ነው።

ድሬዳዋ ራሷ የበር ከተማ ናት። በታህሳስ 1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ እስኪዘልቅ ድረስ የመሐል አገሩ ንግድ በሙሉ በእሷ በኩል ይተነፍስ ነበር። ዛሬም የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጭነትና መንገደኛ ያመላልሳል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተው በዚሁ ከተማ ነው። ሐርላ በዘመኗ የያዘችውን ቦታ ዛሬ የያዘችው ድሬዳዋ ናት። በር መሆን ግን ሁለት መልክ አለው። በሩን ዘግቶ ከተላላፊው ቀረጥ መልቀም አንድ ነው። በሩ ላይ ዕቃውን አበጥሮ፣ አሽጎ፣ ስም ሰጥቶ መላክ ሌላ ነው። ቦርዶ መጀመሪያ አንደኛውን አደረገች፤ ለዘለቄታው የጠቀማት ግን ሁለተኛው ነው።

ደላሎች የጻፉት ዝርዝር

ስም በሕግ የታጠረበት ቀደምት ምሳሌ ፖርቱጋል ውስጥ ይገኛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፖርቶ ወይን ጠጅ ዋጋ ወደቀ፤ ነጋዴዎች ቀለሙን ለማድመቅ የዱር ፍሬ ጭማቂ ይቀላቅሉበት ነበር። የመንግሥቱ ዋና ሹም ማርኪስ ፖምባል እ.ኤ.አ. በ1756 ኩባንያ አቋቁሞ የዱሮ ወንዝን ሸለቆ አሳጠረ፤ ከ300 በላይ የድንጋይ ምልክት ተተከለ፤ ለማቅለሚያ የሚውለውም ቁጥቋጦ ይነቀል ተባለ። ስሙ ዳነ። ይሁንና ኩባንያው ብቸኛ ነጋዴ ሆኖ ተቀመጠ። በየካቲት 1757 የፖርቶ ትናንሽ ጠጅ ሻጮች አመፁ፤ በርካታ ሰዎችም በስቅላት ተቀጡ። ስም መጠበቅና ገበያ መጠቅለል አንድ ካባ ለብሰው ሊመጡ እንደሚችሉ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለደላላ ይበልጥ የሚጥመው ግን የ1855ቱ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ሦስተኛው ናፖሊዮን ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት ምርጥ ወይኖቹን በደረጃ ለማቅረብ ፈለገ፤ ዝርዝሩን እንዲያወጡ የጠየቀውም የከተማዋን ደላሎች ነው። ደላሎቹ የጣዕም ውድድር አላዘጋጁም። መዝገባቸውን ገለጡ። የእያንዳንዱ እርሻ ወይን ጠጅ ለብዙ ዓመታት በስንት እንደተሸጠ ጽፈው ይዘው ነበርና በዋጋው ቅደም ተከተል አምስት ደረጃ አወጡ። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ትልቅ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ማደጉ ነው። የደላላ መዝገብ ከነገሥታት አዋጅ በላይ ኖረ ማለት ነው።

በድሬዳዋና በሐረር ስንት የሰለጠነ ደላላ አለ? የትኛው ቀበሌ ቡና ፍሬው ረጅም እንደሆነ፣ የትኛው ነጋዴ እንደሚቀላቅል፣ በየትኛው ዓመት ስንት እንደተሸጠ በቃሉ የሚያውቅ ብዙ አለ። ችግሩ «በቃሉ» መሆኑ ላይ ነው። ሰውየው ሲያልፍ መዝገቡም አብሮት ይቀበራል።

የጨው ክምር ሲናድ

የአውሮፓ ወይን ጠጅ ከሁሉ የከፋ ጊዜ የገጠመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ፊሎክሴራ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ጥቃቅን ተባይ የወይኑን ሥር መጠጠው። የፈረንሣይ ምርት እ.ኤ.አ. በ1875 ከ84 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር በላይ ነበር፤ በ1889 ወደ 23 ሚሊዮን ወረደ። መድኃኒቱ የተገኘው ከበሽታው አገር ነው፤ የአውሮፓውን ወይን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል።

ከተባዩ ይልቅ ረጅም ጠባሳ የተወው ግን በጉድለቱ ጊዜ የገባው ማጭበርበር ነው። ከውጭ የመጣ ዘቢብ በውኃና በስኳር እየተዘፈዘፈ በታወቀ ስም ይሸጥ ነበር። ተክሉ ተመልሶ ሲበረታ እውነተኛው ወይን ከሐሰተኛው ጋር መወዳደር አቃተው። ዋጋው ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1907 የደቡብ ፈረንሣይ ገበሬዎች በመቶ ሺሕ እየሆኑ አደባባይ ወጡ፤ ናርቦን ላይ ወታደር ተኩሶ ሰው ሞተ። በ1911 ደግሞ የሻምፓኝ አካባቢ ተቃጠለ። ጥያቄው «ሻምፓኝ የሚለው ስም የማን ነው? ድንበሩ የት ድረስ ነው?» የሚል ነበር። መጋዘን ተሰበረ፣ በርሜል ጎዳና ላይ ፈሰሰ። ፈረንሣይ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን የቦታ ስም ሥርዓት በ1935 ያቋቋመችው ይህን ሁሉ ካየች በኋላ ነው። ሕጉ ስሙን ከድንበሩ፣ ከተክሉ ዓይነትና ከአሠራሩ ጋር አሰረው።

ስም ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ደግሞ ኦስትሪያ ትመስክር። እ.ኤ.አ. በ1985 ጥቂት ነጋዴዎች ወይኑን ለማጣፈጥ ለመኪና ፀረ በረዶ የሚውል ኬሚካል ጨምረው ተያዙ። ወደ ውጭ የሚላከው ምርት ከነበረበት አንድ አስረኛ ገደማ ቀረ። ያልቀላቀለው ገበሬም ከቀላቀለው ጋር አብሮ ተቀጣ። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ ያን ጊዜ የላሱት ጥቂቶች ነበሩ፤ ያለቀሰችው ግን አገሪቱ ናት። ኦስትሪያ ጥብቅ ሕግ አውጥታ ስሟን ለመመለስ ብዙ ዓመታት ፈጀባት።

በአገር ቤት

ኢትዮጵያ ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለችም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ዕቃዎች መካከል ጥቂት የኢጣልያና የሎዶቅያ ወይን ጠጅ እንዳለበት ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የሚሆነውን ከዘቢብ እያዘጋጀች ለዘመናት ኖራለች። በቅርቡ ዘመን ደግሞ አዋሽ ወይን ጠጅ ጉደርንና አክሱሚትን ለትውልድ አስተዋውቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከመንግሥት እጅ ወደ ግል ተዛውሯል። የፈረንሣዩ ካስቴል በ2007 ዝዋይ ላይ ከ100 ሄክታር በላይ ወይን መትከል ጀምሮ በ2014 የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለገበያ ሲያቀርብ በላዩ ላይ የለጠፈው ስም «ሪፍት ቫሊ» ነው። ልብ ይሏል! የፈረንሣይ ኩባንያ ኢትዮጵያ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ ያነሳው የቦታውን ስም ነው። የሦስት መቶ ዓመት ትምህርት በአንድ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ታየ።

ምሥራቁ ግን ከዚህ የበለጠ ስም በእጁ አለው። ወርቅ በእጅ ሲይዙት መዳብ ይመስላል እንጂ የሐረር ቡና በዓለም ገበያ የታወቀው አብዛኛው የአሁን ነጋዴ ሳይወለድ ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የቡና ጨረታ ይካሄድባት የነበረችው ከተማም ድሬዳዋ ናት፤ ቡናው ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ እስከገባበት እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገባ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩ የዓለም ጋዜጦች ርዕስ ሆነ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። በዚያን ሰሞን ብዙዎች ተደሰቱ፤ ተገቢም ነበር።

ነገር ግን ከቦርዶ፣ ከፖርቶና ከሻምፓኝ ታሪክ ጋር ሲመዛዘን ሥራው ገና ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው። ስም በውጭ አገር መዝገብ ማስገባት አጥሩን መትከል ነው። አጥሩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚቆጣጠረው ማነው? የሌላ አካባቢ ቡና ሐረር ተብሎ እንዳይጫን የሚያጣራው ማነው? ድንበሩስ የት ድረስ ነው? ሻምፓኝ ይህን ጥያቄ በጊዜው ባለመመለሷ በእሳት መለሰችው። በሌላ በኩል የሐረርጌ ገበሬ ከዓመት ዓመት ቡናውን እየነቀለ ጫት ይተክላል። ስም የሚጠበቀው ፍሬው እስካለ ድረስ ነው። ተክሉ ያለቀበት ስም በመቃብር ላይ የተጻፈ ስም ነው።

«ገበሬው ዛሬ ይበላል ወይ?»

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ገበሬው ግማሽ ሄክታር እንኳ በማትሞላ መሬት ላይ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ጥሬ ገንዘብ በዕለቱ ያስገባል። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ዋጋውም ኒውዮርክ ላይ ይወሰናል። «ሦስት መቶ ዓመት ጠብቅ፣ እንደ ቦርዶ ትሆናለህ» ቢባል ይስቃል። ደግሞም ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር ሲይዙት ያደናግር ነው። አውሮፓ እንኳ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሆና ገዢ ያጣ የወይን ጠጅ ባሕር ገጥሟት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻና ከ2008 በኋላ ገበሬ ተክሉን እንዲነቅል ካሣ ስትከፍል ነበር።

ተቃውሞው እውነት ነው። መልሱ ግን ጫትን ማውገዝ አይደለም፤ በጫት የሚኖረውን ሕዝብ ቁጥር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። መልሱ ከማይጠብቀው ሸቀጥ የተገኘው ትርፍ ወደሚጠብቀው ሸቀጥ መሄድ አለበት የሚል ነው። ይህ ደግሞ የገበሬው ሥራ ሳይሆን የነጋዴውና የባለሀብቱ ሥራ ነው። ጠርሙሱን የሠራው የወይን ገበሬ አልነበረም። መዝገቡን የጻፈው ደላላ ነው፣ መጋዘኑን የሠራው ነጋዴ ነው፣ መርከቡን የጫነው ነጋዴ ነው። ገበሬው የመጣው ዋጋው ሲጠራው ነው። የሐረርጌም ገበሬ ቡናው ከጫቱ ጋር የሚስተካከል ዋጋ ካገኘ ማንም ሳይሰብከው ይተክላል፤ ዶሚቲያን በአዋጅ ያላስነቀለውን ዋጋ ያስነቅላል፣ ዋጋ ያስተክላል።

ታዲያ ድሬዳዋ ላይ ሊሠራ የሚችለው ምንድነው? በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ የቡናውን መነሻ ሳያጠፉ ለመሸጥ በሩን ከፍቷል። እንግዲያው ቡናው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ተጽፎ፣ ተለቅሞ፣ አየር በማያስገባ ማሸጊያ ታሽጎ፣ የሚቆለውም ተቆልቶ እዚሁ በባቡሩና በነፃ ቀጠናው ደጃፍ ሊሸጥ ይችላል። ደላሎች ማኅበር ፈጥረው የዋጋ መዝገብ ቢከፍቱ የሚያስፈልጋቸው ደብተርና ሐቀኝነት ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ያ ደብተር የምሥራቁ የ1855 ዝርዝር ይሆናል። ስሙን የሚያስጠብቀው አካል ደግሞ አምራቹ፣ ነጋዴውና መንግሥት በጋራ የሚቀመጡበት ይሁን፤ የፖምባል ኩባንያ እንዳይሆን፣ ትናንሾቹን ከበር የሚያስቆም ጠቅላይ ነጋዴ እንዳይወጣው። የሚቀላቅል ሰው ሲገኝም እንደ ጎረቤት ጠብ በሽማግሌ መሸፋፈን የለበትም፤ አንድ ቀላቃይ የሚሸጠው የሁሉንም ስም ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ሐርላ ራሷ። ቡርገንዲን ለማየት የሚሄድ ቱሪስት መነኮሳት ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወይን የተከሉበትን የክሎ ደ ቩዦን ግንብ ከፍሎ ያያል፤ ሲመለስም ጠርሙስ ገዝቶ ይሄዳል። ግንቡ ጠርሙሱን ይሸጣል። በተመሳሳይ ዘመን መስጊዷን የሠራች፣ ከቻይናና ከግብፅ ጋር የነገደች ከተማ ድሬዳዋ አጠገብ አለች። «ይህ ቡና የመጣው ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ከውቅያኖስ ማዶ ይነገድበት ከነበረ አገር ነው» ብሎ በማሸጊያው ላይ ለመጻፍ የሚያስችል እውነት ማን አለው? ይህን ታሪክ ማንም ሊፈበርከው አይችልም፤ ነገር ግን ለቤት መሠረት የሚፈነቀል ድንጋይ፣ በማረሻ የሚገለበጥ ግንብ ሊያጠፋው ይችላል። ሐርላን መጠበቅ የቅርስ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ነጋዴ የራሱን መጋዘን በር ክፍት ትቶ የሚተኛ ነጋዴ ነው።

የሐርላ ነጋዴዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲለቁ ዶቃቸውንና ሳንቲማቸውን ከአፈር ሥር ትተው ሄዱ። ምን ብለው ይሸጡ እንደነበር፣ ዕቃቸው በየትኛው ስም ይጠራ እንደነበር ግን የሚነግር ደብተር አልተገኘም። ቦርዶ በዚያው ዘመን ወይኗ በዓመቱ አቼቶ የሚሆንባት ወደብ ነበረች። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በተሠራው ላይ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እንዲውል ግን የሚጽፈው ያስፈልጋል። ዛሬም ማታ ከዳገቱ የሚወርደው መኪና ጭኖት የሚያልፈው ስም የሌለው ጭነት ነው። ነገ ጠዋት ዋጋው ስንት እንደሚሆን የሚነግረውም ሌላ ሰው ነው።